ያህላል ወይስ ይመስላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የአሚኖ አሲዶችን (ፕሮቲን የሚገነባባቸውን ሞለኪውሎች) የጎን ሰንሰለት፣ ማለትም አንዱን ከሌላው የሚለየውን ክፍል፣ ሳስረዳ «ላይሲን ከሉሲን የበለጠ ትልቅ ነው»፣ «ሉሲን እንደ አይሶሉሲን ነው» እላለሁ። ተማሪዎቼ ግራ ይጋባሉ። አነጋገሬ ችግር አለበት?

መልስ፦ አዎ፣ ትንሽ አለበት። ግን በቀላሉ ይስተካከላል።

«የበለጠ ትልቅ» ስህተት ባይሆንም ከባድ ነው። አማርኛ የሚያወዳድረው በግሥ ነው፦ ይበልጣል፣ ያንሳል፣ ይረዝማል፣ ያጥራል። «አላኒን ከግላይሲን ይበልጣል» ቢሉ ማንም ይገባዋል። የግላይሲን የጎን ሰንሰለት አንድ ሃይድሮጅን ብቻ ነዋ! የአላኒን ግን አንድ ካርቦንና 3 ሃይድሮጅን አለው።

ላይሲንና ሉሲን ላይ ግን «ይበልጣል» ብቻውን አይበቃም። በምን ይበልጣል? ሁለቱም በጎን ሰንሰለታቸው 4 ካርቦን አላቸው። የላይሲን ካርቦኖች ተሰልፈው ጫፋቸው ላይ ናይትሮጅን ይይዛሉ፤ የሉሲን ግን ቅርንጫፍ ስለሚያወጣ ያጥራል። የሚይዙት ቦታ ግን ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ «በርዝመት ይበልጣል» ይበሉ፤ ያቺ «በ» አትዘለል። ወይም «ላይሲን ከሉሲን ረዘም ይላል» ይበሉ። እኔ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ። ረዘም፣ ወፈር፣ ጠበብ የሚሉት ቃላት ልዩነቱ መጠነኛ መሆኑን አብረው ይናገራሉ። ትሪፕቶፋንን ከግላይሲን ጋር ሲያወዳድሩ ግን «ተለቅ ይላል» አያስኬድም። ትሪፕቶፋን ከ20ዎቹ የፕሮቲን አሚኖ አሲዶች ሁሉ ትልቁ ነውና «እጅግ ይበልጣል» ነው የሚባለው።

ተማሪዎችዎን ይበልጥ ያደናገራቸው «እንደ» ይመስለኛል። በመጠን ነው ወይስ በቅርጽ? ልጅ አድጎ ቁመቱ ሲደርስ «አባቱን ያህላል» እንላለን። በመልክ ሲሆን «አባቱን ይመስላል» እንላለን። እነዚህን ሁለት ግሦች ለይተው ይጠቀሙባቸው። ሉሲን አይሶሉሲንን ያህላል፤ የሁለቱም የጎን ሰንሰለት 4 ካርቦንና 9 ሃይድሮጅን ነው። በቅርጽ ግን አይመስለውም። ሉሲን ጫፉ አካባቢ እንደ ባላ ይከፈላል። አይሶሉሲን ግን የሚከፈለው ገና ከመጀመሪያው ካርቦን ላይ ነው፤ ስለዚህ ከፕሮቲኑ ዋና ሰንሰለት አጠገብ ወፈር ይላል፣ የዚያንም ሰንሰለት እንቅስቃሴ ያጠብባል።

ትሪዮኒንና ቫሊን ደግሞ በሌላ መንገድ ይገርማሉ። ትሪዮኒን ቫሊንን ሊያህል ምንም አይቀረው፤ በቅርጽም ይመስለዋል። ግን ከሁለቱ ቅርንጫፎቹ አንዱ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ስለሆነ ውሃ ይወዳል፤ ቫሊን ውሃ ይሸሻል። ስለዚህ እዚህ ላይ «ይመስላል» ብለው አያቁሙ፤ «በቅርጽ ይመስላል» ይበሉ።

ስለ ቅርጽ ካነሳን አይቀር፣ የፊኒልአላኒንን ቀለበት «ክብ» ባይሉት እመርጣለሁ። «ክብ» ለእንጀራም ለኳስም ይባላልና ተማሪው ድቡልቡል ነገር ሊያስብ ይችላል። «ዝርግ፣ ባለ 6 ማዕዘን ቀለበት» ይበሉት።