«እማዬ፣ እኔ በደብተርሽ ስንት ሰዓት ላይ ነኝ?»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዳችሁን ሁሌ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። 36 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። ክርስቲያን ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን አልቀርም፣ እጸልያለሁ። ችግሬ ዕቅድ ነው። አንድ ደብተር አለኝ፤ የቀኑ፣ የሳምንቱ፣ የዓመቱ፣ የአምስት ዓመቱ ዕቅድ እሱ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ደግሞ «ይህ ካልሆነ» የሚል ሁለተኛ ዕቅድ አለው፤ ሦስተኛ ያለውም አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነቅቼ ስሰርዝ ስጽፍ አነጋለሁ። አንድ ነገር ከመስመር ከወጣ ቀኑን ሙሉ ከሰው አልግባባም። ባለቤቴ በቀደም «አንቺ እኮ ለእግዚአብሔር የሚሠራው ነገር አላስቀረሽለትም» አለኝ። ሳቅን፤ ነገሩ ግን ውስጤ ቀረ። ከዚያ ልጄ የሣለችውን ሥዕል ይዛ መጣች። «ቆይ የኔ ቆንጆ፣ አሁን ሰዓቱ አይደለም» አልኳት። «እማዬ፣ እኔ በደብተርሽ ስንት ሰዓት ላይ ነኝ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ዕቅድ ማውጣት እምነት ማጣት ነው? ደብተሩን ልጣለው? እኔ ከለቀቅኩትስ ማን ይይዘዋል?

እረፍት ያጣሁት

መልስ፦

እህቴ፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቀሻል። እንቅልፍ የነሳሽ ግን የመጨረሻው ይመስለኛል፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ዕቅድ ኃጢአት አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አንድ አምስተኛውን ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው ነው፤ እምነት አጣ ያለው የለም። ጌታም ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቁጭ ብሎ ወጪውን እንደሚቆጥር ተናግሯል። (በነገራችን ላይ፣ «ሁሉን ለጌታ ትቼዋለሁ» እያለ የራሱን ሸክም ሚስቱ ወይም እህቱ ላይ የሚጥል ሰው አለ። እሱን እምነት አልለውም፤ ስንፍና ነው።) ስለዚህ ደብተሩ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም።

አሁን ዘጸአት 16ን ክፈቺ። እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲወርድላቸው የታዘዙት የየዕለቱን ብቻ እንዲሰበስቡ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር የሚባል መስፈሪያ። ለነገ አታሳድሩ ተባሉ። አንዳንዶቹ አሳደሩ። ጠዋት ሲያዩት ተልቷል፣ ሸትቷል። እኔ እነዚህን ሰዎች አልፈርድባቸውም። ልጆች ይዘሽ በረሃ መሃል ቆመሽ፣ ለነገ ያለሽ ነገር «ይወርድላችኋል» የሚል ቃል ብቻ ሆኖ፣ ትንሽ ደበቅ ማድረግ እንዴት አያምርሽም? ግን ታሪኩ እዚያ አላለቀም። በስድስተኛው ቀን እጥፍ ሰበሰቡ፣ ለሰንበት አሳደሩት፤ አልተላም፣ አልሸተተም። ያው መና ነው። ያው ማሳደር ነው። የመጀመሪያውን ያሳደሩት ፈርተው ነው፤ ሁለተኛውን ያሳደሩት ደግሞ ታዘው። ሁለተኛው የተቀመጠበትንም ምክንያት እይው፤ በማግሥቱ እንዲያርፉ ነው።

እንግዲህ ደብተርሽን በዚህ መዝኚው። ስትዘጊው ታርፊያለሽ? እንደጻፍሽልኝ ከሆነ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይቀሰቅስሻል። ውስጡ ካለው አንዳንዱ የስድስተኛው ቀን መና ነው፣ በደንብ ይቀመጥ። ብዙው ግን የተላው ይመስለኛል፤ በተለይ እነዚያ ሁለተኛና ሦስተኛ ዕቅዶች።

ይህን ስልሽ ከላይ ሆኜ አይደለም። እኔም የሦስት ዓመት ዕቅዴን በትልቅ ወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር፣ በቀለም በቀለም ለይቼ። ጠዋት ጠዋት ፊቱ ቆሜ እጸልያለሁ። «ጌታ ሆይ፣ በዚህ ወር ይህን፣ በሚቀጥለው ያን» ብዬ እዘረዝርና «አሜን» እላለሁ። አሁን ሳስበው «አሜን» ያልኩት «እዚህ ጋ ፈርምልኝ» ለማለት ነበር። ከዚያ አባቴ ታመመ። ስምንት ወር አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ወረቀቱ ላይ ካለው አንዱም አልሆነም። ልነቅለው ስሞክር ፕላስተሩ የግድግዳውን ቀለም ይዞት መጣ። አራቱ ነጫጭ ምልክቶች እስካሁን አሉ፤ ማስቀባት እችል ነበር፣ አላስቀባሁም። ወረቀቱ ላይ ምን ምን ነበር ብትይኝ ግማሹን ረስቼዋለሁ። አባቴ በእነዚያ ወራት ያወራኝን ግን አንድም አልረሳሁ።

ጳውሎስም ዕቅድ ነበረው። በሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ወደ እስያ ሊሄድ ፈለገ፣ ተከለከለ። አቅጣጫ ቀይሮ ሞከረ፣ አሁንም አልተፈቀደለትም። እንዲህ ሁለት በር ተዘግቶበት ጢሮአዳ ደረሰ፤ የመቄዶንያውን ሰው በራእይ ያየው እዚያ ነው። ባሕር ተሻግሮ ፊልጵስዩስ ገባ፣ በሰንበት ቀን ወንዝ ዳር ለጸሎት ከተሰበሰቡ ሴቶች ጋር ተቀመጠ፤ ሐምራዊ ጨርቅ የምትሸጠው ልድያ ከነቤተ ሰቧ የተጠመቀችው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ በጳውሎስ ዕቅድ ውስጥ አልነበረችም። እኔን የሚገርመኝ ግን ዕቅዱ ሁለቴ ሲፈርስ ጳውሎስ ሲያኮርፍ አለማየቴ ነው። አንቺ አንድ ነገር ከመስመር ሲወጣ ቀኑን ሙሉ ከሰው አልግባባም ብለሻል። እዚህ ጋ ትንሽ ቆም በዪ። ዕቅዱን የያዝሽው አንቺ ነሽ ወይስ አንቺን የያዘሽ እሱ ነው?

«ማን ይይዘዋል?» ላልሽው፣ ትንሽ ልድፈርና፣ መጀመሪያውኑስ አንቺ ይዘሽው ነበር? በማርቆስ 4 ጌታ የተናገረለት ሰው ዘሩን ይበትናል፣ ሌሊት ይተኛል፣ ቀን ይነሣል፤ ዘሩ እሱ እንዴት እንደሆነ ሳያውቅ ይበቅላል። መዝራቱ የሰውየው ሥራ ነው፣ ማጨዱም የእሱ ነው፤ መሃሉ ግን የእሱ አይደለም። ሌሊት ተነሥቶ በቅሎ እንደሆነ ልይ ብሎ አፈሩን ቢቆፍር ዘሩን ነው የሚያበላሸው። የ8 ሰዓቱ ደብተርሽ ለእኔ እንደዚያ ቁፋሮ ነው።

ምን ታድርጊ? ማታ ደብተሩ መኝታ ቤት አይግባ፤ ሌላ ክፍል ይደር። ከነቃሽ አትጻፊ። ያስጨነቀሽን ነገር በስሙ ጠርተሽ በድምፅ ለእግዚአብሔር ንገሪው፤ ረጅም ጸሎት አያስፈልግም፣ ባለቤትሽን እንዳትቀሰቅሺ ብቻ። ለአንድ ወር ደግሞ ሁለተኛና ሦስተኛ ዕቅድ አይኑርሽ። ዕዳን ወይም ሕክምናን የመሰለ፣ ሲበላሽ ሰው የሚጎዳበት ነገር ካለ እሱን ያዢ፤ ሌላውን ልቀቂው። መጀመሪያ ሰሞን ይከብድሻል፣ እጅሽን ይበላሻል። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የምንላትንም ቃል ልብ በያት፤ ከዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ እንደ ነጥብ ጣል እናደርጋታለን እንጂ ላይፈቅድ እንደሚችል መች እናስባለን?

አንድ ነገር ሳልልሽ እንዳላልፍ። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከቆየ፣ ልብሽ የሚመታ፣ ደረትሽ የሚጨንቅ ከሆነ ሐኪም አማክሪ። እምነትሽ ስለሳሳ አይደለም። ኤልያስ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው፣ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፣ እንደገና አበላው። «ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣለት ከአርባ ቀን ጉዞ በኋላ ነው።

ደብተሩን አትጣዪው። ተናደሽ የጣልሽው እንደሆነ በሳምንቱ አዲስ ትገዢለታለሽ፣ ባሕርይሽን ከደብዳቤሽ አይቼዋለሁ። የዛሬውን ገጽ ብቻ ክፈቺ፣ የቀረውን በላስቲክ እሰሪው።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አንብቤዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን የለበትም። ልጅሽ የሣለችው ምን ነበር?