መልስ፦ ካሜራህ አልተበላሸም፣ አልቦት ነው

ከሰሜን ሸዋዋ ከተማችን ከእነዋሪ ጅቡቲ ጓደኛህ ጋ ሄደህ፣ ከቤት ወጥተህ የምታነሳው ፎቶ ሁሉ ጭጋግ የለበሰ እንደሆነ ጽፈሃል። ሌንሱ ደህና ነው። ኤሲ ያለበት ክፍል ያደረ ካሜራ እንደቀዘቀዘ ይወጣል፤ የባሕሩ እርጥብ ሙቀት ሲነካው ውሃ ይቋጥራል። ደብረ ብርሃን ላይ መነጽር ያደረገ ሰው ከውጭ ብርድ እንጀራ ወደሚጋገርበት ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ያው እሱ ነው።

1. ገና ክፍል ውስጥ እያለህ ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ከትተህ አፉን ጥብቅ አድርገህ እሰር።
2. እንደታሰረ አውጥተህ ጥላ ስር ግማሽ ሰዓት ያህል ተወው። ውሃው ፌስታሉ ላይ ይቀራል።
3. ፍታና አንሳ።

ወይ ደግሞ ማታ ኤሲ በሌለበት ክፍል አሳድረው፣ ተገላገልክ።

ጭጋጉ ጠፍቶ ነጫጭ ግድግዳዎቹ ቦግ ካሉብህ ግን ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። እኩለ ቀን ላይ አርፈህ ተኛ። ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ወይም ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ውጣ። አድማስ ቀጥ አድርጎ በመያዝ የሜዳ ልጅ ማን ይቀድመዋል? ባሕሩም ያው የእኛው የጤፍ ማሳ ነው፣ ሰማያዊ ሆኖ ነው እንጂ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ወደቡን፣ ኤርፖርቱንና የጦር ሰፈሮቹን አታንሳ፤ ክልክል ነው። እኔ ክሬኖቹ አምረውኝ ከሩቅ ሳነሳ ጥበቃ አስቆመኝ። ፈረንሳይኛ አልችል፤ ጓደኛዬ ለምኖልኝ የቀኑን ፎቶ በሙሉ አጥፍቼ ተለቀቅኩ። ብቻህን ካሜራ ይዘህ አትዙር።