ዳንስ ፎቶ ለምታነሱ የሐዋሳ ልጆች

ሰሞኑን አንዳንድ ልጆች ፎቶ ቤቴ ድረስ እየመጡ "ጋሼ፣ ለዳንስ የትኛው ካሜራ ይሻላል?" ይሉኛል። ያላችሁ ይበቃል እላቸዋለሁ። መልሴ ብዙም አያስደስታቸውም። በዚህ ከተማ ሰርግም ምርቃትም ሳነሳ ነው ያረጀሁት፣ ግን እንደ ዳንስ የከበደኝም የጣመኝም ሥራ የለም። የእናንተን ፎቶዎች ሳይ ካሜራው ምንም አላጠፋም። ዳንሱን አታውቁትም፣ ነገሩ ይኸው ነው። አትቀየሙኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ ልምምድ ሂዱ። ያለ ካሜራ። ልጆቹ ከትምህርት መልስ የሚሰባሰቡበትን ቦታ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ሲሚንቶው ላይ ካርቶን አንጥፈው፣ አንድ ስፒከር አስቀምጠው ነው የሚሠሩት። አጠገባቸው ቁጭ በሉና አብራችሁ ቁጠሩ። ዳንሰኛ እስከ ስምንት ነው የሚቆጥረው፤ እናንተም ከቆጠራችሁ ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር ሳይመጣ ታውቁታላችሁ።

ብሬኪንግን ልውሰድ። ልጁ ቆሞ ይጀምራል፣ ከዚያ መሬት ወርዶ በእጁ ተደግፎ እግሩን ዙሪያውን ያስኬዳል፣ ይሽከረከራል፣ መጨረሻ ላይ ድርቅ ይላል። ፍሪዝ የሚባለው ያ ነው። አዲስ ፎቶ አንሺ ምን ያደርጋል? ሽክርክሪቱ ላይ ጣቱን ሳያነሳ ይተኩሳል፤ ሜሞሪ ካርዱ በተጠላለፈ እግር ይሞላል፤ ፍሪዙ ሲመጣ ካሜራው የቀደመውን ገና እየጻፈ ስለሆነ እንቢ ይላል። ምልክቱን ልንገራችሁ። ሊደርቅ ሲል መዳፉ መሬት ይይዛል፣ ክርኑ ደግሞ ወደ ጎኑ ይጠጋል። ክርኑን እዩ። ክርኑ ጎኑ ላይ ሲተከል እግሮቹ ወደ ላይ ይሄዳሉ፣ ለአንድ ለሁለት ምት ይቆማሉ፣ እናንተም ያኔ ትጫናላችሁ። በፊልም ዘመን በአንድ ጥቅልል 36 ፎቶ ብቻ ስለነበረን ወደድንም ጠላንም መጠበቅን ተምረናል።

ሁሉንም ነገር "ብሬክ ዳንስ" የሚለው ሰው ደግሞ ፎቶው ላይ ይታወቅበታል። ብሬኪንግ የኒውዮርኩ ብሮንክስ ልጅ ነው። ዲጄ ኩል ሄርክ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1973 ባዘጋጀው ድግስ ነው ብዙዎች የሂፕ ሆፕን ልደት የሚቆጥሩት። ሰውየው ጨፋሪዎቹ ዘፈኑ ውስጥ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን ቦታ፣ ብሬክ የሚባለውን፣ እንደሚጠብቁ አየና ያንኑ ቦታ በሁለት ማጫወቻ እየደጋገመ አስረዘመላቸው። ሎኪንግና ፖፒንግ የሚባሉት ዳንሶች ግን ከካሊፎርኒያ የመጡ ናቸው፣ የሚነሱበትም መንገድ ሌላ ነው። ፖፒንግ ላይ ልጁ ጡንቻውን ቋ ያደርገዋል፤ ፎቶ ያንን አያሳይም። ጣቶቹን፣ ፊቱንና የሸሚዙን እጥፋት ቀርባችሁ ካላነሳችሁ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ይመስላል።

ብሬኪንግ በድግስ መሀል፣ በክብ ውስጥ ያደገ ነው ስላችሁ በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ገብቶ ዳኛ ቢቀመጥለትም፣ እዚህ ሰፈር ውስጥ ተመልካቹ የዳንሱ ግማሽ ነው። አፉን ይዞ የሚጮኸውን፣ ተራው እስኪደርስ ጉልበቱን የሚያሟሙቀውን፣ ከኋላ በወንድሟ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ የምታየውን ሚጢጢ አንሱ። ከመሬት ጠጋ ብላችሁ በሰፊ ሌንስ ብትሠሩ ዳንሰኛውም ተመልካቹም አንድ ላይ ይገባሉ።

ብርሃን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሐይቅ ዳር ለሚደረግ ነገር ቀድማችሁ ድረሱ። የእኛ አገር ምሽት ችኩል ነው፤ ጥሩው ብርሃን ትንሽ ይቆይና 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ዱብ ብሎ ይጨልማል። አዳራሽ ውስጥ ለሽክርክሪት ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/500 ሰከንድ አድርጉት፣ ለፍሪዝ 1/250 ይበቃል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200ም 6400ም ቢሆን አትፍሩ፤ ፎቶው ላይ የሚወጣውን አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ የሚያይ ፎቶ አንሺ ብቻ ነው። ርካሽ የኤልኢዲ መብራት ካለ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ሊጋደምባችሁ ይችላል። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ ጊዜ 1/100 ወይም 1/50 ያድናችኋል፤ ድምፅ አልባውን ሹተር ደግሞ አጥፉት። በ1/100 ሽክርክሪት አይያዝም፣ እሱን ተዉትና ፍሪዙን ጠብቁ። ቀይና ሰማያዊ መብራት ፊት ይበላል፣ ነጩ እስኪመጣ ታገሡ። ፍላሽ? በጭራሽ። በጭንቅላቷ ቆማ የምትሽከረከር ልጅ ዓይን ላይ ፍላሽ የሚተኩስ ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ አልገባኝም።

ኮንቴምፖራሪ፣ ዘመነኛው የመድረክ ዳንስ፣ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አገራችን ውስጥ ለብቻው ታሪክ አለው፤ አዲስ አበባ ከነበረው አዱኛ የዳንስ ቡድን ወጥተው ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን የመሠረቱትን ጁነይድ ጀማል ሰንዲንና አዲሱ ደምሴን ፈልጋችሁ እዩ። እዚህ ምት ላይቆጠር ይችላል። ሙዚቃው ዝም ሊል ይችላል። ያኔ ትንፋሽ ነው የሚመራችሁ፤ ዳንሰኛዋ አየር ስትስብ ትከሻዋ ትንሽ ከፍ ይላል፣ እንቅስቃሴው ከትንፋሹ ጋር ይወጣል። በዚያ ጸጥታ የሹተር ድምፅ ያሳፍራል፣ ድምፅ አልባው ደግሞ ያንን መስመር ያመጣል። መፍትሔው የመጨረሻው ልምምድ ቀን ገብቶ እንደልብ መሥራት ነው። እባካችሁ እግርና ጣት አትቁረጡ። በባዶ እግሩ የሚጨፍር ሰው እግሩ ከሌለ ምኑን አነሳችሁት?

ልጆቻችን ሂፕ ሆፑ መሀል እስክስታ ሲያስገቡ ደስ ይለኛል። በ1/500 ካነሳችሁት ግን ትከሻው ይሞታል። ወደ 1/30 ውረዱ፣ ክንዳችሁን ደረታችሁ ላይ አስደግፉ፣ ፊቱ ላይ ፎከስ አድርጉ። ፊቱ ጥርት ይላል፣ ትከሻው እንደ ጭስ ይሄዳል። ከአሥሩ አንዱ ቢሳካ ነው፣ ግን ያቺ አንዷ ትበቃለች።

የቀረው ስለ ሰው ነው። አንዳንዷ ልጅ መደነሷን ቤተሰብ አያውቅም። ፎቶዋን ለጥፋችሁ ያገር ወሬ ከምታደርጓት ቀድማችሁ ጠይቁ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ እንዳይወጣ ይላል። በአደባባይ ለተደረገ ነገር ሕጉ መውጫ ቢኖረውም መጠየቁ አያስከፍልም። ከታች ወደ ላይ ስታነሱ ልብስ ተገልጦ ከወጣ እዚያው አጥፉት። የወደዳችኋቸውን ጥቂት ፎቶዎች ዳንሰኞቹ በዚያው ምሽት በቴሌግራም ይድረሷቸው፣ ስትለጥፉም ስማቸውን ጻፉ፤ በሚቀጥለው ልምምድ ላይ ቦታ ይለቁላችኋል።

ለራሳችሁም አትሞኙ። አንድ አዘጋጅ ፎቶዬን ስሜን ቆርጦ ባነር ላይ አሠርቶት አይቻለሁ፤ ስጠይቀው "ማስታወቂያ ሆነልህ እኮ" አለኝ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶን ይጠብቃል፣ ከዋኙንም፣ ማለትም ዳንሰኛውን፣ ጭምር። ዋጋውን፣ ፎቶው የት እንደሚውልና ስማችሁ እንደሚጻፍ ከዝግጅቱ በፊት ተነጋገሩ። በቴሌግራምም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን። "ለልጆቹ ብለህ በነጻ ሥራልን" የሚላችሁ ካለ ለልጆቹ ስንት እንደከፈለ ጠይቁት።