ደብዳቤሽ ውስጥ ያልተቆጠሩት ሁለቱ

«ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን አስራ አንድ ዓመት ሆነን። ልጅ አልመጣ ሲለን አይ ቪ ኤፍ (ፅንስ ከማህፀን ውጭ የሚፈጠርበትን ሕክምና) ጀመርን። ሰባት ፅንስ ተገኘ። ዛሬ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። አራቱ ፅንሶች አሁንም በረዶ ውስጥ ናቸው። ክሊኒኩ በየዓመቱ ‹ይቆዩ ወይስ ይወገዱ?› እያለ ይጠይቀናል። ባለቤቴ ‹በቃን› ይላል። ‹እኔ ያንን ኮሪደር ሁለተኛ ማየት አልችልም› ብሎኛል። እኔ ግን ልጆቼን አላስጥልም። ያለፉትን ሁለት ዓመታት የማስቀመጫውን ክፍያ ሳልነግረው ከፈልኩ። ሰሞኑን ደረሰኙን አግኝቶ ለገንዘብ ብሎ ቤቱን አመሰው። ሰው እንዴት በገዛ ልጆቹ ላይ እንዲህ ይጨክናል? ነፍስ እንዳላቸው እንዴት ላስረዳው?»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ጥያቄሽን ሰማሁ። ቀጥሎ የባለቤትሽን ድምፅ ሰማሁ። በሦስተኛው እስክሪብቶ አንስቼ መደመር ጀመርኩ። ፅንሶቹ ሰባት ነበሩ ብለሻል። አንዷ ልጃችሁ ሆናለች። አራቱ ተቀምጠዋል። አንድና አራት አምስት ነው። ሁለቱስ?

ስለ ሁለቱ አንድም ቃል አልጻፍሽም። ወደ እነሱ እመለሳለሁ። በቅድሚያ ግን የጠየቅሽኝን ልመልስ።

ነፍስ አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለውን እኔ ልፈርድልሽ አልችልም። በአምስተኛው ቀን የሚቀዘቅዝ ፅንስ ከ100 የሚበልጡ ሕዋሳት ስብስብ ነው። ያለ ማይክሮስኮፕ በቅጡ አይታይም። ይህን የሰማ አንዱ «እንግዲያው ገና ሕዋስ ነው» ይላል። ሌላው «ሁላችንም የጀመርነው እንዲሁ ነው» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ዳኞችም በዚህ ጉዳይ አልተስማሙም። በአሜሪካ የቴነሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ የፍቺ ክርክር ላይ «ፅንስ ሰውም ንብረትም አይደለም፤ ሰው የመሆን ዕድል ስላለው ግን የተለየ ክብር ይገባዋል» የሚል ሐሳብ ያዘ። የአላባማው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 የቀዘቀዘን ፅንስ በግዛቲቱ ሕግ እንደ ልጅ ቆጠረው። እምነትሽ የሚለውን ማወቅ ከፈለግሽ የሃይማኖት አባትሽን አማክሪ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ አላቃልለውም።

ነገር ግን ይህን ደብዳቤ ያጻፈሽ እሱ አይመስለኝም። ለምን መሰለሽ? «አላስጥልም» ብለሻል። «ልወልዳቸው እፈልጋለሁ» ግን የትም ቦታ አላልሽም። ሌላ ልጅ ያማራት ሴት ሳታስበው ታወራዋለች። ልጄ ወንድም ትፈልጋለች፣ ዕድሜዬ እየሄደ ነው ትላለች። አንቺ ግን ስለሚመጣው አንድ ነገር አልጻፍሽም። የምትጠብቂው ያለፈውን ነው።

ወደ ሁለቱ ልመለስ። እንዴት እንደሄዱ ባልነበርበትም መገመት እችላለሁ፤ ብዙ ሴቶች ፊቴ ተቀምጠው ነግረውኛል። ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ጥበቃ ነው። ስትራመጂ ትጠነቀቂያለሽ። ስታስነጥሺ እንኳ ትደነግጫለሽ። ሆድሽን በእጅሽ ይዘሽ ታወሪዋለሽ። ከዚያ ደም ትሰጫለሽ፣ ስልክ ይደወላል፣ አንዲት ቃል ትሰሚያለሽ፦ «አልያዘም»። ቀጥሎ ስለሚቀጥለው ሙከራ ቀጠሮ ይነገርሻል። በማግስቱ ሥራ ትገቢያለሽ። ማንም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አይልሽም፤ ማንም አያውቅማ። ስም የላቸውም፣ መቃብር የላቸውም፣ የሞቱበት ቀን እንኳ አይታወቅም።

አሜሪካዊው የሐዘን ተመራማሪ ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 እንዲህ ላለው ስሜት ስም አውጥቶለታል። በእኛ ቋንቋ «ዕውቅና ያልተሰጠው ሐዘን» ልንለው እንችላለን። ሰውዬው እያዘነ ነው፤ በዙሪያው ያለው ግን «ምን የሚያሳዝን ነገር አለ?» ይላል። አንቺ ላይ ደግሞ የባሰ ነገር ደረሰ። ልጅሽ ተወለደች። ደስታ መጣ። «ልጅ አግኝታ ደግሞ ምን ታለቅሳለች?» የሚለውን ሌላ ሰው ባይልሽ እንኳ አንቺው ለራስሽ ሳትይው አልቀረሽም። ስለዚህ ሁለቱን ዋጥሻቸው። ስትጽፊልኝም ዋጥሻቸው። መደመሩ ግን አሳበቀብሽ።

እኔ የማምነው ይህን ነው። ለሁለቱ ያላፈሰስሽው እንባ አራቱ ላይ ተቀምጧል። አራቱ እስካሉ ድረስ ነገሩ አላለቀም። ካላለቀ ደግሞ ሁለቱም ገና አልጠፉም። በየዓመቱ የምትከፍዪው ለማስቀመጫው ብቻ አይደለም፤ ያቺ የስልክ ጥሪ ሙሉ በሙሉ እንዳትሰማሽ ነው። ባለቤትሽ «ይወገዱ» ሲል አንቺ የምትሰሚው «አልያዘም» የሚለውን ቃል ይመስለኛል፤ አራት ጊዜ ተደጋግሞ። እንዲህ ከሆነ ስለ ነፍስ ተከራክረሽ ብትረቺው እንኳ የሚቀልልሽ ነገር የለም።

ልሳሳት እችላለሁ። ከአንድ ደብዳቤ ሰውን አውቃለሁ አልልም። ይህን አንብበሽ ደረትሽ ላይ አንድ ነገር ከተነቃነቀ ግን ዝም ብለሽ አትለፊው።

አሁን ስለ ባለቤትሽ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነውና ታገሺኝ። ለገንዘብ ብሎ ነው የተቆጣው ብለሻል። የእሱን ቃል ግን ራስሽ ጽፈሽልኛል፦ «ያንን ኮሪደር ሁለተኛ ማየት አልችልም»። ገንዘብ ያስጨነቀው ሰው ስለ ኮሪደር አያወራም። እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። መርፌው አንቺ ላይ፣ ምርመራው አንቺ ላይ፣ ጥያቄውም ወደ አንቺ ነበር። እሱን ማንም አልጠየቀውም። ሁለቱ የእሱም ነበሩ። አንቺ አራቱን አጥብቀሽ በመያዝ ታዝኛለሽ። እሱ በሩን ዘግቶ መሄድ በመፈለግ ያዝናል። ይህን ጭካኔ ካልሽው፣ ከዚያ በኋላ ምን ብሎ ያስረዳሻል? ልጆቹን የሚጥል አባት ተብሎ ተፈርዶበታል። በዚህ ስም የተጠራ ሰው «እኔም እኮ አሞኛል» ለማለት አፉ አይከፈትለትም።

ተደብቀሽ መክፈልሽም ስህተት ነው። የገንዘቡ መጠን አይደለም ችግሩ። ፅንሶቹ የሁለታችሁ ናቸው፤ አንቺ ግን ለሁለት ዓመት ብቻሽን ወሰንሽ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ያየው አንድ ጉዳይ ነበር። እንግሊዛዊቷ ከሳሽ በዕጢ ምክንያት ኦቫሪዎቿ፣ ማለትም እንቁላል የሚያመነጩት የሰውነቷ ክፍሎች፣ ወጥተውባታል። የተቀመጡት ፅንሶች የራሷን ልጅ የምትወልድባቸው የመጨረሻ ዕድል ነበሩ። የቀድሞ እጮኛዋ ፈቃዱን አነሳ። ዳኞቹ እያዘኑላት 13 ለ4 በሆነ ድምፅ ያለ እሱ ፈቃድ አይሆንም አሉ። ይህን የማነሳው በሕግ ላስፈራራሽ አይደለም። አንቺን ያህል ጉዳት የደረሰባት ሴት ፊት ሆነውም ዳኞቹ የእሱን ድርሻ አልዘለሉትም። አንቺ ግን ዘለልሽው። ይቅርታ ጠይቂው። «ግን እኮ አንተም» የሚል ሳትጨምሪ ጠይቂው።

ስለ ጊዜው ብዙ አትጨነቂ። በረዶ ውስጥ ናቸው ብለሻል፤ ዛሬ የተለመደው የማቀዝቀዣ ዘዴ የተፈለሰፈው ግን በረዶ እንዳይሠራ ተብሎ ነው፤ የበረዶ ቅንጣት ሕዋስን ይሰነጥቃልና። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ የፅንሱ ዕድሜ ቆሟል። ለ30 ዓመት ያህል ከቆዩ ፅንሶች እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ መንታ ልጆች ተወልደዋል። የሚያረጀው የእኛ ሰውነት ነው። ስለዚህ ውስጥሽን ፈትሸሽ በእርግጥ መውለድ የምትፈልጊ ከሆነ፣ ያንን ከሐኪምሽ ጋር ሳትዘገዪ አውሪ። አራት ፅንስ ማለት አራት ልጅ ማለት እንዳልሆነ ግን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ክሊኒኩን ምርጫዎቹ ምን እንደሆኑ ጠይቁት፤ አብራችሁ ሄዳችሁ ቢሆን ይመረጣል። ከማስቀመጥና ከማስወገድ ውጭ ለሌላ ጥንዶች መስጠት፣ ለምርምር መስጠትም አለ። አንዳንድ ክሊኒኮች ደግሞ እርግዝና ሊፈጠር በማይችልበት ቀን ፅንሱን ማህፀን ውስጥ በማስገባት በእናቱ ሰውነት ውስጥ እንዲያበቃ ያደርጋሉ። የትኛው እንደሚፈቀድ ያላችሁበት አገር ሕግ ይወስነዋል። ዘንድሮ ግን የመጨረሻ ፎርም ላይ ባትፈርሙ እመርጣለሁ። የሚቀጥለውን ዓመት ክፍያ ተነጋግራችሁ፣ በግልጽ፣ አንድ ላይ ክፈሉ። ያቺን ጊዜ አማካሪ ዘንድ ለመሄድ ተጠቀሙባት። በመካንነት ሕክምና ያለፉ ጥንዶችን የሚያውቅ ባለሙያ ብታገኙ ጥሩ ነው። ይህ በደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

ከዚያ በፊት አንድ ማታ፣ ልጃችሁ ከተኛች በኋላ፣ አጠገቡ ተቀመጪ። ስለ አራቱ አታንሺ። ስልኩ የተደወለበትን ቀን ያስታውሰው እንደሆነ ጠይቂው። ዝም ካለ አትቸኩይበት።