«አንቱ» ስትለው የከረመች ልጅ «አንተ» ያለችው ለት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ እየፃፍኩ ነው፣ ጊዜው ከ1887 እስከ 1889 ዓ.ም. ነው፣ የአድዋ ዘመቻ መሀል ላይ አለ። ዋናዋ ወይዘሪት ሄለን ትባላለች፣ የእቴጌ ጣይቱ ደንገጡር (የእልፍኝ አገልጋይ) ናት። እሱ ልጅ ደስታ ነው፣ የደጃዝማች ልጅ። ችግሬ ገፀ ባህሪያቶቼ አፋቸውን ሲከፍቱ ሁሉም አንድ ሰው ይሆኑብኛል፣ እሱም የዘንድሮ ሰው። አንተ ይባባሉ እርስዎ? እወድሃለሁ ነው አፈቅርሃለሁ? ትንሽ ቆርጬ ልኬልዎታለሁ፦

ሄለን ከቦርሳዋ ደብዳቤውን አወጣች። «ውድ ፍቅሬ» ብሎ ይጀምራል። ልቧ በሀይል መምታት ጀመረ። «አፈቅርሃለሁ» አለችው። «እኔም አፈቅርሻለሁ፣ ላንቺ ያለኝን ስሜት በቃላት መግለፅ አልችልም» አላት።»

መልስ፦ አንቺ «ልኬልዎታለሁ» ብለሽ ፃፍሽልኝ፣ እኔ ደግሞ እድሜዬን ተማምኜ «አንቺ» ብዬ መለስኩልሽ፣ እስካሁን ስለራሳችን ምንም አላወራንም ግን ይሄን የሚያነብ ሰው ማን ትልቅ ማን ትንሽ እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደሚያከብር አውቆ ጨርሷል። ካራክተር በአማርኛ የሚሰራው በዚች ነው። ፀጉሯን ሹሩባ ተሰርታለች፣ አልቦ አድርጋለች፣ ጥርሷ እንዲህ ነው እያልሽ ሁለት ገፅ ከምትፅፊ እሱን ምን ብላ እንደምትጠራው ወስኚ፣ ግማሹ ስራ አለቀ።

እና ቀጥታ ወደ ጥያቄሽ፣ አንተ ልትለው አትችልም። ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። የደጃዝማች ልጅ ነው፣ «ልጅ» የሚለው ራሱ ማዕረግ ነው (ልጅ ኢያሱ፣ ልጅ ተፈሪ እንደምንለው)፣ እሷ ደንገጡር ናት። እሱ ሳያስብ አንቺ ይላታል፣ እሷ እርስዎ ወይም አንቱ ትለዋለች። ሁለቱ ቃላት አንድ አይነት አይደሉም፣ እርስዎ «ራስ» ከሚለው የወጣ ነው፣ እሱም እሷም እሳቸውም ከዛው ከ«ራስ» ነው የመጡት፣ እርሱ እርሷ ብለሽ ስትፅፊ «ር»ዋ አሁንም ትታያለች። አንቱ ግን የአንተ የአንቺ ወገን ነው፣ ወሎና ጎንደር ገጠሩ ዛሬም ይላል፣ ከተሜው ትቶት «አንቱ የተባለ ሀኪም»፣ «አንቱ የተባለ ነጋዴ» በሚለው ላይ ብቻ ቀርቶለታል። እኔ ብሆን ቤተመንግስት ውስጥ እርስዎ አስብላትና አገሯ ከእናቷ ጋር ስታወራ አንቱ አስብላታለሁ። አንባቢው ሳትነግሪው የየት ልጅ እንደሆነች ይጠረጥራል።

አሁን ዋናው ነገር። እንግሊዝኛ ፀሀፊ ይሄ የለውም፣ አንድ «ዩ» ይዞ ነው ፍቅር የሚፅፈው። ያንቺ ግን ሰዎችሽ መሀል ደረጃ አለ፣ የፍቅር ታሪክሽ ደግሞ ከላይኛው ወደታችኛው እስክትወርድ ያለው መንገድ ነው። መንገዱ መሀል ላይ ሁላችንም የምናውቃት አንዲት ስፍራ አለች፣ ሰውየውን እርስዎ እንዳትዪው ቀርበሻል አንተ እንዳትዪው ደግሞ ገና ነሽ፣ ያኔ ምን ታደርጊያለሽ? ሰውየውን ከአረፍተ ነገሩ ታወጪዋለሽ። «ወዴት ነው?» «እንዴት ነው?» «ምሳ ተበላ?» «ምን ይሻላል?» እንዲህ እያሉ ወር የሚቆዩ ሰዎች አሉ እኮ። የመስሪያ ቤት አለቃውን እንዲህ እያለ ጡረታ የወጣ ሰው አውቃለሁ። ለልብ ወለድሽ ይሄ ወርቅ ነው፣ እሌኒ (ስሟን ቀይሬዋለሁ፣ እመጣበታለሁ) ለሶስት ምዕራፍ ያህል እሱን በምንም አትጥራው፣ ተውላጠ ስም አልባ ትሁን። ጎበዝ አንባቢ ያኔውኑ ይነቃል።

«አንተ» ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው ብለሽ ደግሞ እንዳትፈሪው። ለንጉስ እርስዎ እንላለን፣ ለእግዜር ግን አንተ ነው። አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር ስምህ ይቀደስ። እመቤታችንንም አንቺ ነው የምንላት። ማለት ቃሉ ከሁሉ ለሚያንሰውም ለአሽከሩም ለህፃኑም ይሆናል፣ ከሁሉ ለሚቀርበውም ይሆናል፣ መሀል ላይ ያሉት ደጃዝማቾች ናቸው እርስዎን የሚፈልጉት። ሴት አያቴ ባሏን እድሜ ልኳን አንቱ ስትለው ነው የኖረችው፣ ልጆች ወልዳለት፣ እግሩን አጥባ፣ አንድ ቀን ስሙን ስትጠራ አልሰማናትም፣ «ጌታዬ» ነው ወይ «አንቱ»። የሞተ ለት ሙሾ ስታወርድ ግን «አንተ» አለችው፣ ወንድ ልጆቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩዋት፣ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ ግን ትዝ ይለኛል።

«አፈቅርሃለሁ» እና «እወድሃለሁ»። አፈቀረ የግእዝ ቃል ነው፣ መፅሀፍ መፅሀፍ ይላል፣ ቅኔ የቆጠረ ደብተራ ቢለው ያምርበታል። ደንገጡር ትለዋለች? አትለውም። «እወድሃለሁ» ይሻላል ግን እሱንም እንደዚህ ባዶውን ፊት ለፊት ተያይቶ መባባል የፊልም ነው። የኛ ሰው ፍቅሩን ሲናገር ሌላ ነገር እያወራ ነው የሚናገረው፣ ወይ ይምላል ወይ ይሰድባል። «በሞቴ ብላ» ብላ የምታጎርሰው ሴት ምን እያለችው ይመስልሻል?

እና ልብ። ልቧ መታ፣ ልቧ ተሰበረ፣ ልቧን ሰጠችው፣ የላክሽልኝ ላይ እንኳ በጥቂት መስመር ውስጥ አንዴ አለ፣ መፅሀፉ ሙሉውን ስንት ጊዜ እንደሚመታ እንጃ። በአማርኛ ልብ በአብዛኛው የሚያስበው ብልት ነው፣ ልብ አድርግ፣ ልብ በል፣ ልብ ገዛ፣ ልብ የለውም ስንል ስለፍቅር አይደለም ስለማስተዋል ነው። የሚወደውና የሚጎዳው ሆድና አንጀት ነው። አንጀቴን በላው፣ አንጀቴ ራሰ፣ ሆዴ ባባ፣ ሆዴ ተረበሸ። ሆደ ባሻ ትንሽ ነገር የሚያስለቅሰው ነው፣ ሆደ ሰፊ ቻይ ነው፣ ተጣልተው ሆድና ጀርባ ይሆናሉ፣ የማይነገር ሲሆን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ ይታለፋል። ይሄ የመጨረሻው ብቻ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል፣ አንድ ነገር ልትነግረው ትመጣና እቴጌ ይጠሯታል፣ ዞር ብላ «ሆድ ይፍጀው» ብላ ትሄዳለች፣ ሌሊቱን ሙሉ ምን ልትል ነበር ብሎ ሲገላበጥ ያድራል። «ላንቺ ያለኝን ስሜት በቃላት መግለፅ አልችልም» የሚለው ግን ይቅርብሽ፣ የሬድዮ ድራማ ነው።

ስም። ሄለን ያኔ የለችም፣ ብትኖርም እሌኒ ናት፣ በዘርአ ያዕቆብ ዘመን እቴጌ እሌኒ የሚባሉ ነበሩ፣ ስሙ አንድ ነው ልብሱ ነው የተለየው። እሌኒን ካልወደድሽው ያገራችን የሴት ስም እኮ ብዙው አረፍተ ነገር ነው። ተዋበች የሚለው ስለሷ ለሌላ ሰው ማውራት ነው፣ በላይነሽ የሚለው ለራሷ መንገር ነው፣ ቤተሰቡ ሲወልዳት ምን እንዳሰበ ስሟ ላይ አለ። ማስረሻ የተባለ ልጅ ካለሽ ከሱ በፊት አንድ የሞተ አለ ማለት ነው፣ ካሳም እንደዚያው፣ ይሄን አንባቢ ያውቀዋል ማብራራት የለብሽም። የክርስትና ስምም አይርሳ፣ ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚሰጠው፣ ጣይቱ ወለተ ሚካኤል ናቸው። ይሄ ስም ቄሱ ፊት እንጂ ደጅ አይጠራም፣ እሷ የክርስትና ስሟን ለሱ የነገረችበት ለት ታድያ ቀላል ለት አይደለም። ከልጅ ደስታ ወገን ደግሞ የፈረስ ስም አለ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ሀብተጊዮርጊስ አባ መቻል፣ እዚህ ላይ «አባ» አባት ወይም መነኩሴ ማለት አይደለም፣ ዳኘው የሚባለው ፈረስ ጌታ ማለት ነው። አሽከሮቹ ሲፎክሩ በዚህ ይጠሩታል። እሷም አንድ ቀን በዛ ብትጠራው እንደ ወንድ እየፎከረችለት ነው፣ ቀልድም ይሆናል ፍቅርም ይሆናል።

«ወይዘሪት»ን አውጪያት። ያን ጊዜ «ወይዘሮ» ራሱ ላገባች ሴት ሁሉ የሚሰጥ ሳይሆን የመሳፍንት ዘር ላላት ነው፣ «ወይዘሪት» ደግሞ ብዙ ቆይቶ የመጣ የፎርም መሙያ ነው።

ደብዳቤው። ቦርሳ የጣልያን ቃል ነው፣ አገር ምድሩ ጣልያንን ሊወጋ ሲከት ያንቺ ልጅ የጣልያን ቃል አንጠልጥላ ቆማለች፣ ሳቄ ነው የመጣው። ከመቀነቷ ቋጠሮ ትፍታው፣ ወይ ከጉያዋ ታውጣው። «ውድ ፍቅሬ» ብሎም አይጀምርም፣ «ይድረስ» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ይድረስ ከእሌኒ፣ እንደምን ከርመሻል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልብ በይ «ከ» ነው፣ ዛሬ «ለ» የምንልበት ቦታ ላይ፣ የዛን ጊዜ ደብዳቤ የከፈተ ሁሉ ያውቃታል። ደግሞ ማን ፅፎት ማን አነበበላት? ፊደል ካልቆጠረች ደብተራ ነው የሚያነብላት፣ እሱም ምናልባት በፀሀፊ ነው ያፃፈው፣ ስለዚህ ይሄን ፍቅር ቢያንስ አራት ሰው ያውቀዋል። ይሄ ችግር አይምሰልሽ፣ ሁለቱ መሀል ያለው ደብተራ አንዷን ቃል ቀይሮ ቢያነብላትስ?

ቀን ሲቆጥሩም በቁጥር ብቻ አይቁጠሩ፣ «ለመስቀል ማግስት»፣ «የሚካኤል ለት» ይበሉ። አድዋ የካቲት 23 ነው፣ 23 ደግሞ ጊዮርጊስ ነው፣ የዘመተ ሰው ለልጅ ልጁ «በጊዮርጊስ ለት» እያለ ነው የሚያወራው። መሀላም እንደዚሁ፣ ሰው በማን እንደሚምል ዘመኑንም ወገኑንም ይናገራል፣ ምኒልክ ይሙት የሚል ሰው በማን ዘመን እንዳለ መፃፍ የለብሽም፣ ንጉሱ ራሳቸው የክተት አዋጁ ላይ «ማርያምን» ብለው ነው የማሉት። በነገራችን ላይ አንድ ነገር፣ ጣይቱ ራሳቸው ዘምተዋል፣ ጦርም ነበራቸው፣ ታድያ እሱ ሲዘምት ደንገጡራቸው አዲስ አበባ ቀርታ ምን ታደርጋለች? ታማ ትቅር ወይ ሌላ ምክንያት ስጫት፣ አለበለዚያ መለያየቱ አይታመንም።

እሺ ታማ ቀረች እንበልና ትእይንቱን እኔ ልሞክረው፣ ልብ ወለድ ፅፌ አላውቅም፣ ሰዋስው ነው የማስተምረው፣ ታገሺኝ።

እሌኒ ጋቢዋን ተከናንባ እልፍኙ ደጃፍ ቆማለች። ልጅ ደስታ የበቅሎውን ልጓም ለአሽከሩ ሰጥቶ መጣ።
«ተሻለሽ?»
«እግዜር ይመስገን። መንገዱ ወዴት ነው?»
«ወረኢሉ ነው መክተቻው፣ ጃንሆይ ከዛ ይነሳሉ።»
መሬት መሬት እያየች ቆየች።
«መቼ ይመለሱ ይሆን?»
«ማን? ጃንሆይ?»
ዝም አለች። በቅሎዋ መሬቱን ጫረች፣ አሽከሩ ፊቱን አዞረ።
«አይ» አለች። «አንተ።»

አየሽ፣ «ይመለሱ» ሶስት ጌታ አለው፣ እነሱም ይመለሱ ነው፣ እሳቸውም ይመለሱ ነው፣ እርስዎም ይመለሱ ነው። እሷ ሆን ብላ ይሁን ፈርታ አላውቅም ግን እዛች ግስ ውስጥ ገብታ ተደብቃለች፣ እሱም ገብቶት ነው እንዳልገባው የጠየቃት፣ ከተደበቀችበት ለማውጣት። መውጫ ያላት በአንዲት ቃል ነው። ይሄን ወደ ሌላ ቋንቋ መልሺው ብትባዪ አትችዪም፣ ባይመለስም ግድ የለሽም፣ ላማርኛ አንባቢ ነው የምትፅፊው።

አንድ የቀረ ነገር፣ «ገፀ ባህሪያቶች» አይባልም፣ ባህርያት ብሎ በግእዝ አብዝቶታል፣ አንቺ ደግሞ ኦች ጨመርሽበት፣ ገፀ ባህርያት ይበቃል፣ እኔም በወሬ ላይ ስለው እያዛለሁ ግን መፅሀፍ ላይ አታድርጊው።

አሁን ያስቸገረኝ የሱ ወገን ነው። እሷ ከእርስዎ ወደ አንተ መጣች፣ እሱ ግን ከመጀመሪያውም አንቺ ነው የሚላት፣ የሚወርድበት ደረጃ የለውም። «እሌኒዬ» ቢላት ያው ለታናሽ እህቱም የሚለው ነው። ወደላይ ቢወጣስ ብዬ አሰብኩ፣ የደጃዝማች ልጅ አሽከሩ ፊት ደንገጡሯን «እሜቴ» ቢላት። አሽከሩ ምን ይላል? አባቱ ጆሮ ሲደርስስ? ምዕራፉን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ ምን ብሎ እንደጠራት ማወቅ እፈልጋለሁ።