መልስ፦ ቮልሷ ዓባይን ትወጣለች?

የአባትህን የድሮ ቮልስ ይዘህ ከአዲስ አበባ በጎጃም አድርገህ ባሕር ዳር ለመግባት አስበሃል። «ዓባይ በረሃ ላይ ታሳፍረኝ ይሆን?» ነው ጥያቄህ። ወንድሜ፣ ትወጣለች። እኔን የሚያሳስበኝ መውረዱ ነው።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ከወረድክ የፍሬን ሸራው ይግላል፤ ፔዳሉን ብትረግጠውም አይዝልህም። በሁለተኛ ማርሽ ውረድ። ከኋላህ ያለው ሲኖትራክ በጥሩንባ ቢያደነቁርህም ዳር ይዘህ አሳልፈው።

ድልድዩን ተሻግረህ ስትወጣም ማርሽ ቀንስ። የቮልስ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው ንፋስ ነው። ማራገቢያውንና ባትሪ የሚሞላውን ዳይናሞ የምታዞረው ደግሞ አንዲት ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ናት። ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር ንፋሱም ይበረታል። በከባድ ማርሽ እያቃሰተች ከወጣች ግን ትግላለች።

የዳይናሞዋ ቀይ መብራት ድንገት ከበራ «ደጀን ልድረስ» ሳትል ወዲያው ቁም። ቺንጋዋ ተበጥሳ ይሆናል። እኔ አንዴ «ባትሪ ነው» ብዬ ነድቼ ሞተር አስወርጃለሁ (ሚስቴ እስካሁን ታነሳብኛለች)። ትርፍ ቺንጋ፣ እንዲሁም ለሞተሩ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላና ፑንቲና ያዝ። ቤንዚን ፓምፑ ግሎ ሞተሩ ከጠፋብህ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልልበትና ትንሽ ጠብቅ።

ደጀን ላይ ሻይ ጠጣ፤ እሷም ትብረድ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይቀልሃል። ደብረ ማርቆስ እደር። እንጅባራ ብርድና ዝናብ አያጣም፤ የዝናብ መጥረጊያዋን አሳይ፣ ጋቢም አትርሳ። የመንገዱን ሁኔታ ጠዋት ጠዋት ሾፌሮችን ጠይቀህ ውጣ።