ፀብ ሳይነሳ ሂዱ፦ በሰላም ሥራ ለምትሰማሩ የወሎ ልጆች

ልጆቼ፣ ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ በሰላም ግንባታ ላይ በሚሠሩ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ልትቀጠሩ የተዘጋጃችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እኔም ዕድሜዬን የገፋሁት በዚሁ ሥራ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ ፀብ ሳይነሳ ወደ ሰው እንድትሄዱ ነው። ደም ከፈሰሰ በኋላ ሰው የሚሰማው ቀድሞ የሚያውቀውን ብቻ ነው።

የባቲን ገበያ አስቡ። ሰኞ ሰኞ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፤ አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባው እህሉን ጭኖ ይመጣል። በጋው ሲከር ግጦሽ ይጠፋና መንጋው ወደ ደጋው ግርጌ ይጠጋል። ያን ጊዜ አንድ ግመል ከጠፋ ነገሩ በሁለት ሰዎች መካከል አይቀርም። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ሁሉ «ዘረፉን» ይላል፤ ሲመሽ መሣሪያ ይወለወላል። ገበያው ውስጥ ፊታችሁ የተለመደ ከሆነ ግን ደላላው ወሬውን ገና ትኩስ ሳለ ይነግራችኋል። የጠፋው ግመል ምልክቱ ምን እንደሆነ ጠይቃችሁ፣ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች በጋራ እንዲያፈላልጉት ለማድረግ ጊዜ ታገኛላችሁ።

ሴቶቹንም አትለፏቸው። በየስብሰባው የሚጠሩት ወንዶች ናቸው፤ የሰፈሩን ሆድ የምታውቀው ግን ውሃ ቀጂዋ ናት። ቦኖው አጠገብ ትናንት በአንድ ተራ ተደርድሮ የነበረው ጀሪካን ዛሬ ለሁለት ተከፍሎ ካያችሁ፣ እዚያው ቁጭ ብላችሁ «እንዴት ነው ነገሩ?» በሉ።

ስለ አበጋሮቻችን ስናገር ሆዴ ይባባል። ወሎ የነፍስ ጉዳይ ሳይቀር ይዘው የሚያስታርቁ አበጋሮች አሉት። ብዙዎቹ ሥራውን ከአባት ከአያት የተቀበሉ ናቸው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያከብራቸዋል። የገዳይንና የሟችን ወገን የሚያገናኙት ቀስ ብለው፣ ተመላልሰው፣ ቡና ተፈልቶ ዱአ እየተደረገ ነው። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተማ አስጠርተን፣ ሆቴል አዳራሽ አስቀምጠን፣ አበል አስፈርመን እንሸኛቸዋለን። አበጋሩ ሲመለስ አገሬው «ማን ከፈለው?» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ቃሉን የሚጠራጠር አይጠፋም። እባካችሁ እናንተ ወደ እሱ ሂዱ። ትራንስፖርት ካስፈለገው መኪናውን አቅርቡና ከፊቱ ዞር በሉ።

ገንዘብ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በግጭት አፈታትና በዕርቅ ሥራ እንዳይገባ ይከለክል ነበር። ብዙ ባልደረቦቼ ሥራውን ጥለው ወደ ውሃና ወደ ጤና ፕሮጀክት ዞሩ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ሲወጣ ያ ክልከላ ተነሳ፤ ደስታዬ ትልቅ ነበር። ነገር ግን ድርጅቶቹ በሌሉበት በእነዚያ ዓመታት ያስታረቀው ማን ነው? አበጋሩና ቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ የቀብርና የመረዳጃ ዕድር፣ ናቸው። ከእነሱ ኋላ የመጣን መሆናችንን አትርሱ።

በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው ከተለቀቁ በኋላ ደግሞ ሌላ ቁስል መጣ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን «ማን ጠቆመብኝ?» እያለ ማየት ጀመረ። ይህ ቂም በአንድ ቀን ሥልጠና አይሽርም። እንዲህ ያለ ሰፈር ስትገቡ ከአንዱ ቤት የሰማችሁትን ወደ ሌላው ቤት ፈጽሞ አትውሰዱ፤ ለማስታረቅ ብላችሁም ቢሆን። አንዴ ነገር አመላላሽ ከተባላችሁ ወረዳ መቀየር ነው የሚሻላችሁ።

ሪፖርት ያስጨንቃችኋል፤ ለጋሹ ስንት ሰው ሠለጠነ ብሎ ይጠይቃል፣ ያልተተኮሰ ጥይት ደግሞ አይቆጠርም። ቢሆንም ጻፉት፦ ምን ተወርቶ ነበር፣ ማን ሰማ፣ ማን ማንን አነጋገረ፣ እንዴት በረደ። ከእናንተ በኋላ ለሚመጣው ልጅ ከማንኛውም ማኑዋል ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሥልጠናውን ዕቅድ ቀለል አድርጉትና ከአገሬው ጋር ዋሉ። ቅሬው ቀብር ሲወጣ አብራችሁ ውጡ፤ ሟቹ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን ለቅሶ ድረሱ። አስተባባሪያችሁ ደውሎ የት ናችሁ ካለ፣ ሥራ ላይ ነን በሉት።